ድልድዩ አለ?

ጥቅምት 3

ይድረስ ለድንቢጤ፣ ለልጄ ልጅ፤

እንዴት ከረምክ? እኔ ከናፍቆትህና ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናት። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ሰው መታመሙን እስካልተወ እሷም አንሶላ ማጠቧን አትተውም።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ያለ መነጽር። ያለ መነጽሩ ይሻላል፤ የጻፍከውን ትቼ ደስ ያለኝን አነባለሁ። ስልክ ለምን አታነሺም ላልከው፣ ጆሮዬን ታውቀዋለህ። ስልኩ ውስጥ ድምፅህ የንብ ድምፅ ነው። ንብ ናፈቅሽኝ ቢለኝ ምን ይበጀኛል? ጻፍልኝ። ይቺን ፊደል የቆጠርኩት ባያትህ ጦር ሰፈር፣ ለወታደር ሚስቶች በተከፈተው ትምህርት ቤት፣ እናትህን ጡት እያጠባሁ ነው። ሦስት ወር ብቻ ነው የተማርኩት፤ የጎደለ ካለ ራስህ ሙላበት፣ አንተን ያስተማርንህ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ነገርህ ልምጣ። በኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱ አርባ ሰዎች ሰብስቤ ቡድን አቋቋምኩ፣ ስሙንም ስርዓቱንም ያያቴን እግረኛ ክፍለ ጦር አደረግኩት ትላለህ። አርባውም በየአገሩ በየቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚሰለፍ አልገባኝም፤ ይሁን። ያልገባኝ ብዙ ነገር እየሄደ ነው፣ እኔን ጠብቆ የቆመ የለም። አንተም ሻለቃ ሆነሃል አሉ። ኧረ ተው! አያትህ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሞ አገልግሎ አስር አለቃ እንደሆነ ነው የሞተው፤ አንተ ተቀምጠህ በስድስት ወር ሻለቃ! ከመቃብሩ ተነስቶ ሰላምታ እንዲሰጥህ ትፈልጋለህ?

ልብሱ አረንጓዴ አይደለም፣ አመድማ ነው። አረንጓዴ አድርገኸው ከሆነ አስቀይር። ኮቱ አምስት አዝራር አለው፤ አራተኛው ሁሌ ይበጠሳል፣ ቀበቶው ይፍቀዋላ። ስሰፋ የኖርኩት እኔ ነኝ። አራተኛው አዝራሩ ያልላላ ወታደር ካየህ አትመነው፣ የኛ አይደለም።

ስንት ጦርነት ላይ ዋሉ ላልከው፣ አንድም። ድልድይ ነው ሲጠብቁ የኖሩት፤ ዘጠኝ ምሰሶ ያለው የድንጋይ ድልድይ። ጠላት ይመጣል ተብሎ ሃያ ስድስት ዓመት ተጠበቀ፣ የመጣው ላም ነው። ለጨዋታህ ላይመችህ ይችላል፤ ግን እኔ ታሪክ እንደ ሱሪ አላሳጥርም፣ አላስረዝምም።

ለምን ወጣ ብለሽ ፀሐይ አትሞቂም ላልከው፣ እሞቃለሁ፤ በመስኮት። ሊፍቱ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የቀረው ቀብሩ ብቻ ነው። ሊፍት ጠጋኝ የልጅ ልጅ እያለኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ ቀረሁ ስላት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በሳቅ ትሞታለች። ደብዳቤዬን ፖስታ ቤት የምታደርስልኝ እሷ ናት፣ መርቃት።

መቼ እንደምትመጣ ጻፍልኝ።

አያትህ፣ ሴቷ


ኅዳር 6

ይድረስ ለሻለቃው፤

ለቀልድ ነው፣ አትኩራ። እንዴት ነህ? ያ ሳል ተወህ? እኔ ደህና ነኝ።

በጨዋታው ዘቦቹ የካምፑን በር እየጣሉ እየሄዱ አስቸገሩኝ፣ የናንተዎቹ እንዴት ነበር ላልከው፣ ጥሩ ሰው ጠየቅክ። ድልድዩ ላይ ተተኪ ሳይመጣ ዘብ ንቅንቅ አይልም። ቢዘንብ አይልም፣ ቢርበው አይልም፣ ሚስቱን ምጥ ቢይዛት አይልም፤ እኔን ሲይዘኝም አላለም። ተረኛው ሲመጣ ደግሞ እንዲያው ጠመንጃውን ነጥቆ አይቆምም። «ድልድዩ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ቆሞበት እኮ ነው! ያኛው «አለ» ይላል። ተረኛው «እኔም አለሁ፣ ሂድ ግባ» ይለዋል። እግሩን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ የሰፈሩ ሴቶች እንስቅባቸው ነበር፤ ቧንቧው ጋ አንዷ ለአንዷ ወረፋ ስትለቅ «ባልዲው አለ?» እንባባል ነበር። ይሄን ደንብ አስገባ፣ ጨዋታህ ጦር ይሆንልሃል።

ፖስታው ለምን ተጨመደደ፣ ላዩ ላይስ የምን የጫማ ምልክት ነው ላልከው… ድሮም ዓይንህ ሌባ ነው። በበሩ ስር ስለምገፋው ነው። ልብስ ሰፊዋ ሳታየው ትረግጠዋለች፣ ከዚያ ታነሳዋለች።

በቃ ልንገርህ። እናትህ ጠዋት አንድ ሰዓት ስትወጣ ከውጭ ትቆልፍብኛለች። ሁለት ዙር። ቁልፉ ሲዞር አልሰማም፤ መዳፌን በሩ ላይ ሳደርግ ግን ይሰማኛል፣ ግው ግው ይላል። በአስራ አንድ ሰዓት ተመልሳ ትከፍታለች። ከአንድ እስከ አስራ አንድ እኔ፣ ሁለት ክፍልና አንድ መስኮት። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ሕንጻ ግድግዳና አንድ የዛገ ቱቦ ነው። ቱቦውን አሁን እንደ ዘመድ አውቀዋለሁ።

ምን አድርገሽ ነው እንዳትለኝ። ክር ልገዛ ወርጄ ነበር። እኔ አልጠፋሁም፣ ሕንጻው ነው የጠፋው። ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት በር፤ አስራ አንድ በር አንኳኳሁ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው ይዞኝ የመጣው። ከዚያ ደግሞ የጋዝ ምድጃውን ከፍተሽ ረሳሽው ትላለች። እኔ ጭራሽ አላስታውስም። ሰው ያላስታወሰውን እንዴት ረሳሽ ይባላል?

አንተን ትሰማሃለች። አንድ ቁልፍ ለአያቴም ይኑራት በልልኝ። ወጥቼ የትም አልሄድም፤ መውጣት እንደምችል ማወቅ ነው የፈለግኩት። እኔ ነገርኩህ እንዳትላት ብቻ፣ ለወለድኩት ልጅ ከሰስሽኝ ትለኛለች።

አያትህ


ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለልጄ ልጅ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አራት ገጽ ነው። ስለ አመድማው ኮት አንድ ገጽ፣ ስለ ዘቡ ደንብ ሁለት ገጽ። ስለ ቁልፌ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። በመነጽርም አጣሁት፣ ያለ መነጽርም አጣሁት። አልቀየምኩም። ተቀይሜያለሁ እንጂ ምን አልቀየምኩም እላለሁ።

ስለዚያ ዳቦ ጋጋሪ ወታደርህ አዘንኩ። በጨዋታው በር ላይ ተመድቦ፣ ተረኛው ሳይመጣለት ሲቀር፣ ደንብ ነው ብሎ ከኮምፒውተሩ ፊት አልነሳ አለ ነው የምትለኝ? ከጀርባው ዳቦው በምድጃ እየነደደ? ከሥራም አባረሩት? የሰው ቂል! አይ፣ ቂል ማለቴን ተወው። ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው።

ሠላሳ ዘጠኙ ግማሹ ይሸለም ግማሹ ይባረር እያለ ተጣሉ፣ በናንተ ጊዜ ተተኪ ያጣ ዘብ ነበር ወይ፣ ምንስ ተደረገ ላልከው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሌላ ጠይቀኝ።

ለምን አትመጣም ላልኩህ፣ ቡድኑ ይበተናል፣ አርባ ሰው በኔ ላይ ነው ብለሃል። በፊት ሥራ ነበር ምክንያቱ። ከዚያ ፈቃድ ከለከሉኝ ሆነ። አሁን ጦሩ። ከሄድክ ሦስት ዓመት ሆነህ እኮ ድንቢጤ። እኔ የተቆለፈብኝ ከውጭ ነው፤ ያንተ በር የተቆለፈው ከየት በኩል ነው?

ለማንኛውም በልብስ ስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ የድሮ ጠመንጃ መፍቻ አግኝቻለሁ፤ ያያትህ ነው። ብሎን መፍታት ይችላል። የቀረውን ዝም ብዬሃለሁ።

አያትህ


ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለድንቢጤ፤

በመጀመሪያ ይቅርታ። ስለ ምን እንደሆነ ወደ ታች ትደርስበታለህ።

አዎ፣ ያ ሰማሁ ያልከው እውነት ነው፤ እናትህ ደውላ ነግራሃለች ማለት ነው። እኔ ደግሞ በኔ በኩል የሆነውን ልንገርህ። የቁልፉን ብሎኖች በመፍቻው ፈታኋቸው። ሦስቱ ወጡ፤ አራተኛው ተሰብሮ ውስጥ ቀረ፣ በሩም ከነጭራሹ ደረቀ። እኔ መውጣት አቃተኝ፤ እሱ የለመድኩት ነው። እናትህ ግን በአስራ አንድ ሰዓት መጥታ መግባት አቃታት። ራሷ የምትቆልፈው በር በራሷ ላይ ተቆለፈ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እስቲ ትቅመሰው አልኩ።

ብትጮህ አልሰማ፣ ብታንኳኳ አልሰማ። በሩ ሲንቀጠቀጥ በመዳፌ ይሰማኛል። ከዚያ ቆመ። ሄደች አልኩ። ወደ ታች ሳይ፣ በበሩ ስር፣ ያንተ ደብዳቤ በሚገባበት፣ አራት ጣት ገባ።

እዚህ ነኝ ማለቷ ነው፤ እንደማልሰማ ታውቃለች። ልጄ ናት፣ ጣቷን ግን አላወቅኩትም። ሳሙናው በልቶት፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ ጥፍሯ ስር ደም አለ። በየማታው አብሬያት እየበላሁ አይቼው አላውቅም። ስትመጣ የማየው ቁልፉን ነው፤ የያዘውን እጅ አላይም። በዚህ ጉልበቴ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ያዝኩት። ልብስ ሰፊዋ የጠራችው አናጢ መጥቶ በሩን እስኪነቅለው አልተላቀቅንም።

በሩ ሲከፈት ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጫማ ማስቀመጫው ላይ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ደከመኝ» አለች። አፏን አይቼ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ስለዚህ የዋሸሁህን ልንገርህ። ተተኪ ያጣ ዘብ ነበር። አያትህ ነው።

እናትህ ስምንት ወሯ ነበር። ክፍለ ጦሩ ለጥቂት ወር ከድልድዩ በድንገት ተነስ ተባለ። ሚስቶቹን በመኪና ጫኑን፣ ወንዶቹ በሌላ መኪና ናቸው አሉን። በአራተኛው ቀን ነው በየትኛውም መኪና ላይ እንደሌለ ያወቅኩት። ከድልድዩ ማዶ፣ ዘጠነኛው ምሰሶ ጋ ቆሞ፣ ሁሉም ረስቶት ሄዷል። ልጄን አዝዬ ተመለስኩ። ቆሟል፣ ሰውዬው! ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ና እንሂድ ብለው «ተረኛዬ አልመጣም»። ለመንኩት። ሰደብኩት፣ እናቱን ሳይቀር። «ተረኛዬ አልመጣም»።

ፊቱ ቆምኩና «ድልድዩ አለ?» አልኩት።

«አለ» አለኝ።

«እኔም አለሁ፣ ሂድ ግባ።»

ጠመንጃውን ሰጠኝ። ዘብ ቤቱ ገብቶ ወደቀ። እኔ እናትህን እንዳዘልኩ ቆምኩ። በማግስቱ ሃምሳ አለቃው ሊፈልገው በመኪና መጣና «አንቺ ማነሽ?» አለኝ። «ተረኛ» አልኩት። አልሳቀም። ያያትህ ፋይል ላይ «ጥበቃውን ለሴት ጥሎ ተኛ» ብለው ጻፉበት። ለዚህ ነው አስር አለቃ ሆኖ የቀረው። በኔ ምክንያት። አንድ ቀን እንኳ አፉን ከፍቶ አልወቀሰኝም። ለናንተ ሲያወራ «ተረኛዬ መጣ» ነበር የሚለው፤ አልዋሸም፣ መጥቼ ነበር።

ደንቡም ግማሽ ነው የነገርኩህ። ቀሪው ግማሽ እንዲህ ነበር፦ ተተኪ ያጣ ዘብ ያገኘ ሰው፣ ወጥ ሠሪም ይሁን ጸሐፊ፣ እዚያው በቦታው ይቆምለታል። እሱን ብነግርህ ይሄ ሁሉ ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ ዋጥኩት። ዳቦ ጋጋሪህ ሥራውን ያጣው እኔ በዋጥኩት ነው። ይቅርታ ጠይቅልኝ። አይሸለምም አይባረርም በላቸው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው በሩ ላይ ቆሞ እያየው ማን ሄደለት? እሱን ተጠያየቁ።

አሁን አንድ ነገር ልበልህና ልተኛ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔ እስረኛ ነኝ እናትህ ዘብ ናት ስል ነበር። ዘብነቷስ ልክ ነው። እኔ ግን እስረኛ አይደለሁም፤ ድልድዩ ነኝ። አጠገቤ ቆማ ደርቃለች፣ ሂጂ ግቢ የሚላት የለም። ተረኛው ማን እንደሆነ አታውቅም አልልም።

አያትህ


ጥር 25

ይድረስ ለልጄ ልጅ፤

መልስ የለም። አራት ሳምንት። ልብስ ሰፊዋ ፖስታ ቤቱን ጠይቃለች፤ ደርሶታል አሏት።

አዲሱ ቁልፍ ሦስት ዙር ነው። ግው ግው ግው።

ባለፈው ሰኞ እናትህ ራሷ «አልቆልፍብሽም» አለችኝና በሩን ሳትቆልፈው ወጣች። ደስ ብሎኝ ተነሳሁ፣ በሩን ሳብ አደረግኩት፣ ተከፈተ። ደረጃው ላይ ተቀምጣለች! ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ ዓይኗ በሩ ላይ። ሥራ ከረፈደባት ቆይቷል። እግሯ አልሄድ አላት።

ታዲያ ምን ላድርግ? «ቆልፊውና ሂጂ» አልኳት። በገዛ አፌ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፍ አልጠይቅም። ጠዋት ጠዋት ሦስቱ ግው እስኪያልቅ መዳፌን በሩ ላይ አደርጋለሁ፤ እሷም ከውጭ በኩል የምታደርግ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ቱቦዬ እሄዳለሁ። ትናንት ሠራተኛ መጥቶ ቀለም ቀባው፤ ዘመድ የሞተብኝ ያህል ከፋኝ።

ካልጻፍክም ደህና ሁን።

አያትህ


የካቲት 14፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በበሩ ስር

ይድረስ ለበሩ ማዶ፤

ወረቀትህ ገብቶ አየሁት። ቴምብር የለውም፣ የጫማ ምልክትም የለውም። «ድልድዩ አለ?» ብቻ ነው የሚለው።

ልብስ ሰፊዋ ከሆንሽ እንዲህ ያለ ቀልድ አልወድም። ድንቢጤ ከሆንክ የቱ አዝራር ነው የሚበጠሰው? ጻፍና ግፋው።


ያው ዕለት፣ ትንሽ ቆይቶ

አራተኛው ብለሃል። ልክ ነህ። አላለቀስኩም፣ ብታለቅስ ደግሞ አልሰማህም።

አይ የኔ ጌታ፣ ጣትህን አየሁት። ግሪስ ነው፣ ታጠብ።

ለዳቦ ጋጋሪው ካምፑን አስረክበህ መምጣትህን ወደድኩት። ሻለቃ ይሁን፣ ይገባዋል። አንተስ ምን ሆንክ? ተራ ወታደር? ጥሩ፣ ከታች ጀምር። እዚሁ ሕንጻው ጋ ሥራ ይገኛል፤ አንድ ሬሳ ሊፍት አለ።

አሁን ስማኝ። የሥራ ዕቃዬ ከኔ ጋ ነው፣ በአምስት ደቂቃ ልክፈተው ላልከው፣ አይሆንም። እጅህን ከቁልፉ ላይ አንሳ! እናትህ ደክማ መጥታ በሩን ተከፍቶ ብታገኘው ደረጃው ላይ ትሞትብናለች። ደግሞ ዘብ ሳይጠየቅ ድልድይ አይወሰድም። እስካሁን ጠብቄያለሁ፤ ሦስት ሰዓት አይገድለኝም። ሻንጣህ ላይ ተቀመጥ። እኔም ወንበሬን አምጥቼ እዚህ እቀመጣለሁ።

በአስራ አንድ ሰዓት ትመጣለች። ከሦስተኛው ፎቅ ጀምራ ቁልፉን ታወጣለች፣ ልማዷ ነው። ስታይህ ትደነግጣለች፣ ትስምሃለች፣ ከዚያ ትሰድብሃለች፤ ሁሉንም ቻለው። መጀመሪያ እኔ ጋ ለመግባት እንዳትቸኩል። ቁልፉንም ከእጇ እንዳትነጥቃት። እጇን ያዘውና «እናትሽ አለች?» ብለህ ጠይቃት። «አለች» ትልሃለች።

የቀረውን ታውቀዋለህ። ጮክ ብለህ በለው፣ ለኔም እንዲሰማኝ።